ሽማግሌዎች ፊት የቀለጠው የማንጎ ጀላቲ

ደብረ ማርቆስ፣ ጋሽ አንማው ጭማቂ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጠዋቱ አጥንት የሚሰብር ብርድ ነበር። ጋሽ አንማው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ዲፕ ፍሪዘሩን አስጎበኙኝ። "ይኸውልህ ይበልጣል፣ ክዳኑን ከፍተህ ወሬ የለም። ታስገባለህ፣ ታወጣለህ፣ ትዘጋለህ" አሉኝ። ገባኝ አልኩ። ያልገባኝ በዚህ ብርድ ጀላቲ ማን እንደሚገዛ ነበር።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ከሮብ ገበያ የመጡ አዛውንት ነበሩ። የብርቱካን ጀላቲ ሰጠኋቸው። እንጨቱን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው አንዴ ላስ አደረጉና መለሱልኝ። "ግሩም ነው። ግን ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ሞቅ አድርግልኝ።"

ጋሽ አንማውን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምድጃ ላይ አሙቄ በብርጭቆ ሰጠኋቸው፤ ጠጥተው፣ መርቀውኝ ሄዱ። በጀላቲ ሥራ የመጀመሪያ ሽያጬ ትኩስ ብርቱካን ነው።

ቤቱ ማዕረግ ነበረው፦ አጣቢ፣ ጨማቂ፣ አፍሳሽ፣ የፍሪዘር ኃላፊ። ሠራተኛው እኔ ብቻ ነኝ። ጋሽ አንማው ባሳደጉኝ ቁጥር እጄን ጨብጠው "እንኳን ደስ ያለህ" ይሉኛል። የፍሪዘር ኃላፊ በሆንኩ ማግስትም ማንጎ የማጥበው ያው እኔው ነበርኩ።

ማንጎው ከዓባይ በረሃ ነው የሚመጣልን። ይላጣል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ በወንፊት ይጠለላል። ሳይጠለል ከቀረ ቃጫው ጥርስ ውስጥ ይሰነቀራል፤ ደንበኛውም ቀኑን ሙሉ እናንተን እያማ ይውላል። ሎሚ ጠብ ይደረግበታል፣ ስኳር ይገባበታል፣ በየኩባያው ይፈሳል። እንጨቱ የሚተከለው ጭማቂው ያዝ ሲያደርግ ነው። ቀድሞ ከተተከለ ይጋደማል፤ ከዘገየ ደግሞ በመዶሻም አይገባም።

ወተት አይነካውም። እኛ ዘንድ ሙቀቱ የሚመጣው ከሁዳዴ ጋር ስለሆነ ጀላቲያችን የጾም መሆን ነበረበት። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀትር ላይ አንድ ሰው ዝር አይልም፤ ሁሉም ጿሚ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከተማው በሙሉ ይመጣብናል። በዚያ ሰዓት ደግሞ መብራት ይጠፋል።

ጋሽ አንማው ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ጀላቲ ሲቀልጥ ማየት አይችሉም። አንድ ደንበኛ በስልክ እያወራ ጀላቲው በክርኑ ሲወርድ አዩና ከባንኮኒው ወጥተው እጁን ይዘው ወደ አፉ ወሰዱት። "መጀመሪያ ብላ፣ ኋላ ታወራለህ!" ሰውየው ደንግጦ በላ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት "ማነው እሱ? ምን እየሆንክ ነው?" ስትል ይሰማን ነበር።

ሒሳብ የምትቀበለው ልጃቸው ስመኝ ነበረች። ወደድኳት፤ እሷም ወደደችኝ። ችግሩ አባቷ ነበሩ። "አባዬ እምቢ አይልም" አለችኝ። "ቀጠሮ ነው የሚሰጥ።" ከእኔ በፊት ሽማግሌ ልኮ የነበረ አንድ ልጅ፣ ሽማግሌዎቹ በቀጠሮ ሲመላለሱ፣ ሰልችቶት ሌላ አግብቷል። የእኔ ደግሞ ይብሳል። ቀጠሮ ከተሰጠኝ በየቀኑ እሳቸው ፊት ቆሜ ማንጎ እየላጥኩ መጠበቅ ነው፤ እምቢ ካሉኝ ደግሞ ልጅቷንም ሥራዬንም በአንድ ቀን አጣለሁ። እንቅልፍ አጣሁ።

የንስሐ አባቴን አባ ዓለሙንና ሁለት ጎረቤቶቼን ለመንኩ። እሺ ብለው "እሁድ ለሽምግልና እንመጣለን" ሲሉ ለጋሽ አንማው ላኩባቸው። ለማን እንደሚመጡ ግን አላሉም፤ እሱ እዚያው ነው የሚነገረው።

ቅዳሜ ጋሽ አንማው ጠሩኝ። "ነገ ሽማግሌ ይመጣብኛል። አመጣጣቸው የትልቅ ሰው ይመስላል። እንዳታዋርደኝ፤ የማንጎ ጀላቲ ሥራ።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እሁድ ሆነ። ዳግም ትንሣኤ አልፎ የሚያዝያ ፀሐይ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋሽ አንማው መኖሪያ ቤት ገብተው ተደርድረው ቆሙ። ጀላቲውን በትሪ ይዤ ቀረብኩ። ጠዋት በመስቀላቸው የባረኩኝ አባ ዓለሙ አይተውኝ እንደማያውቁ ሆኑ። ትሪውን አስቀምጬ መጋረጃው ጀርባ ከስመኝ ጋር ተደበቅኩ።

"ተቀመጡ እንጂ፣ ብሉ። ይኼ ነገር አይቆይም" አሉ ጋሽ አንማው።

"አንቀመጥም" አሉ አባ ዓለሙ። "እሺታዎን ሳናገኝ በቤትዎ እህል ውኃ አንቀምስም።"

"አባ፣ ይኼ እኮ እህልም ውኃም አይደለም። ጀላቲ ነው!"

አባ ዓለሙ ጎንበስ ብለው ትሪውን መረመሩ። "ከምን ተሠራ?"

"ከማንጎ።"

"እንግዲያው ፍሬ ነው። አንቀምስም።"

ከዚያ ንግግራቸውን ጀመሩ። አባ ዓለሙ የሽምግልና ንግግር ሲጀምሩ ከአዳም ነው የሚነሱት። አዳም ብቻውን መሆኑን፣ ከጎኑ ሔዋን መፈጠሯን አስረዱ። አንደኛው ጀላቲ ማላብ ጀመረ። አብርሃም ጋ ሲደርሱ ላቡ ትሪው ላይ ኩሬ ሠራ። አብርሃም ለይስሐቅ ሚስት ፍለጋ ሎሌውን ላከ፤ ሎሌውም ግመሎቹን ጫነ። ስንት ግመል እንደሆነና ምን እንደተጫነ ጭምር ተነገረ።

"አባ፣ ቢያሳጥሩት" አሉ ጋሽ አንማው። ዓይናቸው ከትሪው አልተነሣም።

"ወጉ ይድረስ እንጂ አቶ አንማው" አሉ አባ፤ ግመሎቹንም ቀስ ብለው ወደ ውኃ ጉድጓዱ ነዷቸው።

ጋሽ አንማው ግንባራቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። በመጨረሻ አላስችላቸው አለ። "ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። እንግዲህ ቤተ ዘመድ ይምከርበትና ቀጠሮ…"

ስመኝ ክንዴን ጨመቀችው። አበቃ አልኩ በልቤ።

ይኼኔ መሀል ያለው ጀላቲ ከነእንጨቱ ዘመም አለና ድፍት አለ። ቢጫው ጭማቂ በትሪው ጠርዝ አልፎ ስጋጃው ላይ ተንጠባጠበ። ሁለተኛውም ዘመም አለ።

"ሰጥቻለሁ!" ብለው ጮኹ ጋሽ አንማው። "እሺ ብያለሁ! ሰጥቻለሁ! ብሉ!"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ግመሎቹ ገና ውኃ አልጠጡም። ሆኖም ቃል ቃል ነው፤ "እግዚአብሔር ይስጥልን" ብለው ተቀመጡ። ያልቀለጠውን ላሱት፤ የቀለጠውን ደግሞ አንደኛው ጎረቤቴ ትሪውን አንስቶ ጠጣው። ጋሽ አንማው እፎይ ብለው ወንበራቸው ላይ ወደቁ።

ቆይተው ነው ትዝ ያላቸው። "ለመሆኑ፣ ለማን ነው የሰጠሁ?"

"ጀላቲውን ለሠራው" አሉ አባ ዓለሙ እንጨቱን እየላሱ።

ጋሽ አንማው ተነሥተው መጋረጃውን ገለጡት። እኔና ስመኝ ተጣብቀን ቆመናል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ጋሽ አንማው እኔን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ተመልሰው ሄዱና ከትሪው በጣታቸው ጠረግ አድርገው ቀመሱ።

"ስኳር አብዝተሃል" አሉኝ። "ለዚህ ነው የቀለጠ።"

ልክ ነበሩ። ያን ዕለት ስለ ሽምግልናው እያሰብኩ ስንት ማንኪያ እንደጨመርኩ አላውቅም። ከዚህ ሌላ የተናገሩኝ ነገር የለም። ግንቦት ላይ ተጋባን።

በሙያው ላላችሁ የምለው ይህንኑ ነው። ስኳር የበዛበት ጀላቲ በደንብ አይጠነክርም፣ ቶሎ ይቀልጣል። ለደንበኛ ስትሠሩ መጥናችሁ አድርጉ። ሽማግሌ የላካችሁ እንደሆነ ግን አብዙት።