ስልክ የሌለው ሰፈር

መቶ አሥራ ሁለት ቤት ዞራ ጠይቃ፣ ሞባይል አለኝ ያለ አንድም ሰው አጣች። ቴሌቪዥን ያለው ሦስት ቤት ብቻ። ራዲዮማ ከነአካቴው የለም። ወይንሀረግ ቱሉ የመጠይቅ ወረቀቶቹን ደግማ ብትቆጥርም ያው ነው። ጉድ እኮ ነው! ቦታው አዲስ አበባ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ዘመኑ ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ሰዎቹም ጠዋት ማታ እየደወሉ የሚያደርቋት የገዛ ጎረቤቶቿ ናቸው።

ነገሩ ለሌላ ሰው ያስቃል፤ ለእሷ ግን የሞት ሽረት ነበር። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ልደታ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሆና፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የአለቆቿን ንግግር ስትጽፍ ኖራለች። ዲፕሎማዋን በማታ፣ ዲግሪዋንም በማታ ከጨረሰች በኋላ፣ ሁለተኛ ዲግሪ በኮሙኒኬሽንና አዲስ ሚዲያ ጀመረች። «ከልጅ ጋር ልትሯሯጥ ነው» ብለው ያሟት አልጠፉም። የምታጠናው የሰፈሯ ሰው ወሬ ከማንና በምን እንደሚሰማ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አስራዝማለች፤ አንዴ አባቷ ሲሞቱ፣ አንዴ ሥራ ሲደራረብባት። ሦስተኛ ማራዘሚያ የለም። በሰኔ ካላስረከበች የሦስት ዓመት ልፋቷን ውሃ በላው ማለት ነው።

አማካሪዋ ዶክተር ኤልያቄም፣ በዕድሜ ልጇ ሊሆን ምንም ያልቀረው፣ ሰንጠረዡን አይቶ ፈገግ እንኳ አላለም።

«ወይዘሮ ወይንሀረግ፣ ይሄ መረጃ አያስኬድም። ወይ ሰዎቹ ዋሽተዋል፣ ወይ ደግሞ…»

«ወይ እኔ ዋሽቻለሁ?»

«እኔ አላልኩም» አለ አንገቱን ደፍቶ። እሱ አላለም፤ ፈታኞቹ ግን እንደሚሉ ሁለቱም ያውቃሉ።

በንዴት እየተንጨረጨረች መጀመሪያ የሄደችው ጋሽ ሀብተሥላሴ ቤት ነው። ጋሽ ሀብተሥላሴ የእድሩ ጸሐፊ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ኳስ እያዩ ደረሰችባቸው።

«ጋሼ፣ ቴሌቪዥን የለኝም ብለው ሞልተዋል።»

«የለኝም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ።

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

«የልጄ ነው።»

«ጣራው ላይ ያለው ዲሽስ?»

«ተከራይ ጥሎት የሄደ ነው። ቁጭ በይ እስቲ፣ አትከልይኝ፤ ጎል ሊገባ ነው!»

ሳቋ መጣ፤ ዋጥ አደረገችው። እሳቸውም አፈር አሉ መሰል፣ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ። «እንግዲህ አንቺ የኛው ልጅ ነሽ፣ አልደብቅሽም። ሰፈሩ ሊነሳ ነው፤ ወረቀቱም ለኮንዶሚኒየም ምዝገባ ነው፤ የሌለው ይቀድማል ተባለ። ባለማህተም ደብዳቤ ይዘሽ አይደል እንዴ የመጣሽው?»

ደብዳቤው ዩኒቨርሲቲው «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የጻፈላት የትብብር ደብዳቤ ነበር። ሰው ያምነኛል ብላ ማህተሙን በየቤቱ ያሳየችው ራሷ ናት።

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«የታችኛው ቤት ሚደቅሳ ነዋ።»

«የት አገኙት?»

«የት አገኘዋለሁ፣ ደውሎልኝ ነው እንጂ!»

«በምን?»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ሳያስቡት የኪሳቸውን ሞባይል ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ተንከተከቱ፤ ጎሉም ሳይታይ አለፈ።

ሳቋ ሳያልቅ ነገሩ ብልጭ አለላት። አንድ ወሬ መቶ አሥራ ሁለት ቤት ያዳረሰው እነዚሁ «የሉንም» በተባሉት ስልኮች ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ጥናት ትፈልጋለች?

በማግስቱ ደብዳቤውን ከነማህተሙ ቤት ጥላ፣ አንድ ደብተር ብቻ ይዛ ወጣች። ጥያቄዋም ሁለት ብቻ ሆነ፦ ማን ነገረህ? በምን? ወገኔ፣ ሰው ስለራሱ ሲጠየቅ እንጂ ስለሌላው ሲጠየቅ መች አፉ ይያዛል! «ወሬውን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም» ለማለት ሁሉም የነገረውን ሰው ከነሰዓቱ ዘከዘከ። ሞባይሉን ከፍቶ የተደወለለትን ደቂቃ ያሳያትም አለ። እንዲህ ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ ስትል፣ በዘጠነኛው ቀን አብሮ አደጓ ቀመሪያ ሱቅ ደረሰች።

«አንቺስ ከማን ሰማሽ?»

ቀመሪያ ስኳር መመዘኗን ትታ አፍጥጣ አየቻት። «ትቀልጃለሽ? ከእናትሽ ነዋ!»

እናቷ እማማ መሰለች ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«እማዬ፣ ወሬውን ያወጣሽው አንቺ ነሽ?»

«ምናልባት ነው ያልኩት» አሉ፣ እጃቸውን ከሰፌዱ ሳያነሱ። «ምናልባት ለቤት ይሆናል አልኩ እንጂ፣ ነው መች አልኩ? ሰዉ ወረቀትሽን አንሞላም ብሎሽ አኩርፈሽ ስትገቢ አንጀቴ አልቻለም። እንዲሞሉልሽ ብዬ ነው።»

ወይንሀረግ ልትቆጣ ነበር፤ ቁጣው ግን እምቢ አለ። ደብተሯን አገላበጠች። እውነትም ቀመሪያ ለአናጺው ዱጉማ ስትደውል «ምናልባት» ብላለች፤ ዱጉማ ለሌላው ሲደውል «ሳይሆን አይቀርም» ብሏል፤ በሦስተኛው ስልክ ላይ «ነው» ሆነ፣ በቃ። የጥናቷ ዋና ግኝት ቤቷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ምስር ይለቅማል! እናቷን አገላብጣ ሳመቻቸውና ሃያ ቀን ሙሉ ቀና ሳትል ጻፈች።

ጽሑፏን በምታቀርብበት ቀን እማማ መሰለች ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ሸበቶው ፈታኝ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሥራው ግሩም ነው። ነገር ግን የወሬው መነሻ ‹ተሳታፊ አንድ› ተብሎ ብቻ ታልፏል። እኒህ ሰው ለምን አወሩት? ይህ ካልተብራራ ጽሑፉ ጎዶሎ ነው።»

ወይንሀረግ ወደ ኋላ ወንበር ሰረቅ አድርጋ አየች። «የተሳታፊዎችን ምስጢር ልጠብቅ ቃል ገብቻለሁ። ምክንያቱን ከተናገርኩ ማንነታቸው ይታወቃል።»

«እንግዲያው ጽሑፉ ይመለስና…»

«እኔ ነኝ!» አሉ እማማ መሰለች፣ ተነስተው። «ተሳታፊ አንድ እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ጎድሏት ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ አይቻለሁ። ያንን ሁለተኛ እንዳላይ ብዬ ነው ያወራሁት። ጥፋት ከሆነ እኔን ጣሉኝ፤ እሷን አሳልፏት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሸበቶው ፈታኝ ግን አልሳቁም፤ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እናቴ፣ ይቀመጡ። እሷ አልፋለች።»

ዶክተር ኤልያቄም «ውጤቱ ገና አልተደመረም እኮ…» ቢል ማን ይስማው! የእማማ መሰለች እልልታ ኮሪደሩን አልፎ ደረጃው ጋ ደርሷል። ወይንሀረግ ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋን ለቀቀችው።

«እይዋት፣ ደግሞ ታለቅሳለች!» አሉ እማማ መሰለች፣ እሳቸውም እያለቀሱ።