የከሰል ማጋጁ ልጅና ሰርጓጇ መርከብ

ጋሽ ኪዳኔ መብራህቱ ባለፈው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሆላንድ ውስጥ ስኪዳም ባለው ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ከአምስተልቨንም ከዴን ሃግም ልቅሶ ለደረሳችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልን። በቀብሩ ዕለት ግን ብዙዎቻችሁ «ደግ፣ ጭምት አዛውንት ነበሩ» ስትሉ ሰማሁ። ደግስ ነበሩ፤ ጭምት ግን አልነበሩም። ይህን ዝም ብዬ ባልፈው እሳቸው ራሳቸው ይቆጡኛል።

ያወቅኋቸው በሥራዬ ነው። ቤት ለቤት የምዞር አስታማሚ ነኝና መድኃኒታቸውን ልሰጥ ስገባ፣ የዘመድ ፎቶግራፍ በሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ የአንዲት የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ፎቶ ቆሞ አየሁ። ደነገጥሁ።

«አትፍሪ ልጄ» አሉኝ፤ «የአባቴ ገዳይ ናት።»

አባታቸው መብራህቱ ወልዱ የምጽዋ ሰው ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአንድ የሆላንድ የጭነት መርከብ ሆድ ውስጥ ከሰል ይማግዱ ነበር። ጋሽ ኪዳኔ ገና በእናታቸው ማህፀን ሳሉ ያቺ ሰርጓጅ መርከቡን መትታ አሰጠመችው። ልጃቸው አድገው በምጽዋ ወደብ መካኒክ ሆኑ፤ አማርኛንም ከባሕር ኃይል ሰዎች ጋር ሲሠሩ ለመዱ። ኋላ በመርከብ ሥራ ሮተርዳም ደርሰው እዚሁ ቀሩ።

ጡረታ ሲወጡ የሰርጓጇን ታሪክ በአማርኛ መጻፍ ጀመሩ። የት እንደተሠራች፣ ከየትኛው የፈረንሳይ ወደብ እንደወጣች፣ አፍሪካን ዞራ ሕንድ ውቅያኖስ እንዴት እንደገባች፣ በመጨረሻም ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ከነሰዎቿ እንዴት እንደቀረች፣ ሁሉንም በአንድ ሰማያዊ ደብተር አሰፈሩት። የጦርነቱን መዛግብት ሲያነቡ ጀርመንኛውን በመዝገበ ቃላት ይታገሉታል፤ ደችኛው ሲከብዳቸው እኔን ይጠሩኛል።

«እስቲ እዪ» አሉኝ አንድ ቀን። «ነዳጅ የቀዳችበት ሰዓት ሳይቀር ተጽፏል። አብረዋት የሰጠሙት ልጆችም በየስማቸው ተመዝግበዋል። እሰየው፣ እነሱም የእናት ልጆች ናቸው። አባቴ ግን ምን ተብሎ ተጻፈ? ‹አንድ የአገሬው ተወላጅ ከሰል ማጋጅ›። ገዳይ ስም ኖሮት ሟች ስም ይጣ?»

የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ በጦርነቱ ለሞቱት መርከበኞች በቆመው ሐውልት ላይ የአባታቸው ስም እንዲጻፍ። እናታቸው በነጠላ ጠቅልለው ያኖሩትን የአባታቸውን የመርከበኛነት ደብተር ይዘን ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድን። ሠራተኛዋ ደብተሩን አገላበጠች፣ የጋሽ ኪዳኔን መታወቂያም አየች።

«አኽተርናሙ አይገጥምም» አለች፤ የቤተሰብ ስሙን ማለቷ ነው። «መርከበኛው ወልዱ ነው፤ እርስዎ መብራህቱ ነዎት። አንድ ቤተሰብ አይደላችሁም።»

«ወልዱ አያቴ ናቸው» አሉ ጋሽ ኪዳኔ። «እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም፤ ሰው የአባቱን ስም ይዞ ነው የሚዞረው በያት።»

አልኋት። ማስረጃ አምጡ አለች። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ደብዳቤ ተጻጻፍን፤ መልሱ ያው አኽተርናም ነበር። ለዚህ ነበር አዲስ ስደተኛ በመጣ ቁጥር ዱላቸውን ይዘው እስከ ኸሜንተ፣ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ድረስ የሚሸኙት። «ስምህን አንተው ጻፈው» ይሉታል፤ «እነሱ ከጻፉት ልጅህ ባዕድ ይሆንብሃል።»

በየዓመቱ የጦርነቱ ሙታን በሚታሰቡበት ዕለት ሐውልቱ ዘንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ይባላል። መጀመሪያ አብሬያቸው የሄድሁ ጊዜ፣ ዝምታው እንዳበቃ፣ አበባው ሳይቀመጥ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው «መብራህቱ ወልዱ!» ብለው ጮኹ። ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ፤ ኮታቸውን ጎተትሁ።

«ልቀቂኝ!» አሉኝ። «ሁለቱን ደቂቃ ለሁሉም ዝም ብያለሁ። ሦስተኛው የአባቴ ነው።»

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመትም አላስታጎሉም። ያፈርሁበት ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሠልስታቸው ዕለት ከቢሮው ደብዳቤ መጣ። ዝምድናው ስላልተረጋገጠ ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል። መጀመሪያ አለቀስሁ፤ ቀጥሎ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። በዚያው ሳምንት የመቃብር ድንጋይ የሚቀርጸው ሰው ደውሎ የሟቹን ሙሉ ስም ጠየቀኝ።

«ኪዳኔ መብራህቱ ወልዱ» አልሁት።

«አኽተርናሙ የቱ ነው?»

«የለም። የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛው አባታቸው፤ ሦስተኛው አያታቸው። ሦስቱንም እኩል አድርገህ ቅረጽ።»

«እሺ» አለኝ። ማስረጃ አልጠየቀኝም።

ጋሽ ኪዳኔ፣ ሐውልቱ ላይ አልጻፉልዎትም። ይቅርባቸው። መብራህቱ ወልዱ ግን ከትናንት ጀምሮ በሆላንድ ምድር፣ በድንጋይ ላይ፣ ከልጃቸው ስም ጎን ተቀርጸዋል፤ ይዘዋቸው የገቡት እርስዎ ነዎት። ሰማያዊው ደብተርዎ እኔ ዘንድ ነው፤ የመጨረሻውን ገጽ በዚህ ሞልቼዋለሁ። ለመጪው መታሰቢያም አያስቡ፤ እኔ እቆማለሁ። ኮቴን የሚጎትት ቢመጣ ምን እንደምለው አስተምረውኛል። እንግዲህ ይረፉ፣ ጋሼ፤ ሦስተኛው ደቂቃ አሁን የሁለታችሁ ነው።