ለእማማ ያለምወርቅ ያልተነገረው

የኔነሽ ጥርሷን የምትቦርሸው ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ እዚያ መስታወት የለም። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት ሴቶች አንድ አፓርትመንት ተከራይተን አብረን መኖር ከጀመርን አራተኛ ዓመታችን ነው። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ያናድደኝ ነበር። ሳህን ላይ የጥርስ ሳሙና ሲንጠባጠብ ማን ይወዳል? በኋላ ግን ሳህኖቹን ራቅ አድርጌ መደርደር ለመድኩ።

የተጎዳችው ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ሬክስዴል ውስጥ የሆቴል አንሶላ የሚያጥብ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። የእንፋሎት ቱቦ ፈነዳና ግራ ፊቷን ከቅንድቧ እስከ አገጯ ላጠው። ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛች። ከጭኗ ቆዳ ወስደው ጉንጯ ላይ አደረጉላት። ዓይኗ ተረፈ። የከንፈሯ ጫፍ ግን ወደ ታች ተጎትቶ ቀረ፤ አነጋገሯ ተኮላተፈ፣ ድምፅዋ ራሱ የሌላ ሰው ሆነ።

ሐኪሞቹ ቁስሉ ድኗል አሉ። ቁስሉስ ድኗል። እሷ ግን አውቶቡስ ሰው ለመጫን ፊሽ ብሎ ዝቅ ሲል ከሰማች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ ትላለች። ስለዚህ በረዶም ቢሆን በእግሯ ትሄዳለች። ሊፍት ውስጥ ሕፃናት ስለሚያፈጡባት ዘጠኝ ፎቅ በደረጃ ትወጣለች። የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሁለት ጊዜ ወስጃት ነበር። በሁለተኛው ቀን የተመደበችው አስተርጓሚ የኛው ሰበካ ሰው ሆና ተገኘችና፣ የኔነሽ "እሑድ የቅዳሴ መልስ ወሬ ልሁን?" ብላ ቀረች። አልፈርድባትም፤ የኛን ሰው አውቀዋለሁ።

ከሁሉ የባሰባት ግን የሰው ፊት ነው። ያያት ሁሉ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ያዝናል፣ ከዚያ ጫማዋን ማየት ይጀምራል። እኔም ከዚያ የተሻልኩ አይደለሁም።

ደብረ ብርሃን ያሉት እናቷ እማማ ያለምወርቅ ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። "እማዬ እንዳትሰማ" ብሎ የቆረጠው ታላቅ ወንድሟ ባስልኤል ነው። "ብለድ ፕሬሸር አለባት፤ ትሞትብናለች።" ሁላችንም ተስማማን። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለእናት በስልክ አይነገርም፤ ቀን ይጠበቅለታል፣ ሽማግሌ ይፈለግለታል። ቪዲዮ ኮል ሲቀር ምክንያት ማበጀት የኔ ድርሻ ሆነ። "ስልኳ ካሜራው ተሰብሮ ነው፣ እማማ" አልኳቸው። ድምፅሽ ምን ሆነ ሲሏት ደግሞ ጉንፋን ነው ትላለች። ከዓመት በላይ የማይጠገን ካሜራ፣ ከዓመት በላይ የማይለቅ ጉንፋን። እኛ ግን ያመኑን መስሎን ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባስልኤል ሳይደውል መጣ። ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም።

"ጎረቤታችን እታገኝ ኮል አድርጋልኝ ነበር" አለ። "እማዬ ፀጉሯን ተላጭታ ከል ለብሳለች። ሰው ለቅሶ እየደረሰ ነው።"

"ማን ሞቶ?" አለች የኔነሽ።

ባስልኤል በአገጩ ወደ ራሷ አመለከታት።

እማማ ያለምወርቅ ለጎረቤት ያሉት ይህ ነው፦ "የወንድሜን መርዶ እናቴን ዓመት ከመንፈቅ ደብቄያታለሁ። በሟቹ ስም ደብዳቤ የምጽፍላት እኔ ነበርኩ፤ ሥራውን አውቀዋለሁ። ያቺ በስልክ የምታናግረኝ ልጄ አይደለችም፤ ያቺ አብራት የምትኖረው ትርፌ ናት።" እንግዲህ ትርፌ እኔ ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኛ ውሸት እያደር ሰው ገደለ።

"አሁኑኑ እንደውልና እናስረዳት" አለ ባስልኤል።

"ደውለንማ ስንት ጊዜ ሰማችን። ካላየችኝ አታምንም" አለች የኔነሽ። ቀጥላ ቀስ ብላ "የሷን ደም ግፊት አይደለም የምፈራው" አለች። "ሰው ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል፤ እሺ፣ ለምጄዋለሁ። እናቴ ካዞረች በኋላ ግን የት እሄዳለሁ?"

እናት አታዞርም ልላት አፌን ከፈትኩ። ፋሻው መጀመሪያ የተፈታ ቀን እኔ ራሴ ተነሥቼ ሆስፒታሉ ኮሪደር መውጣቴ ትዝ አለኝና ተውኩት። አፈርኩ።

የኔነሽ ብዙ አሰበች። ከዚያ ሻሿን አወለቀች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ብርሃን ወዳለበት ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀመጠች። "ቪዲዮ አድርገው" አለችው ወንድሟን።

እታገኝ አነሣች። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ታዩ። ከዚያ እማማ ያለምወርቅ፣ ራሳቸውን ተላጭተው፣ በጥቁር ቀሚስ። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። እኔ ወለሉን አየሁ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ። እንፋሎት አቃጥሎኝ ነው" አለች የኔነሽ። 

እማማ ፊቷን ይመለከታሉ።

"ቀኝ ፊትሽን ወደኔ አዙሪ" አሉ በመጨረሻ። "ቅንድብሽን አሳይኝ። ከአጥር የወደቅሽበትን።"

ዞረች። በስድስት ዓመቷ የተሰፋችበት ትንሽ ጠባሳ እዚያው አለ። በድጋሚ ወደ ፊት ዞረች፤ ያ የተቃጠለው ጉንጭ ስክሪኑን ሞላው።

"ናት" አሉ እማማ ያለምወርቅ ወደ ሴቶቹ ዞረው። "እሷው ናት፣ ልጄ ናት።" እልል አሉ፤ ለቅሶ የመጡት ሴቶችም ተከትለው እልል አሉ። እማማ ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቃሉ፣ ያንን ፊት እያዩ፣ ዓይናቸውን አንድ ጊዜ ሳይነቅሉ። ማልቀሱ በማግስቱ መጣ፦ ማን አቃጠለሽ፣ ያምሻል ወይ፣ ለምን ደበቃችሁኝ። እኔና ባስልኤልም የሚገባንን ስድብ ተቀበልን።

የዚያን ቀን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የኔነሽ ከመስኮቱ አልተነሣችም። ሻሿ ጭኗ ላይ ነው። እያለቀሰች መስሎኝ ጠጋ አልኩ፤ አላለቀሰችም።

"ትርፌ" አለችኝ፣ ራሷም ያላመነችው ነገር ይመስል፣ "አይታኝ ደስ አላት እኮ።"