የማንኩሳ መንገደኞች የጠጡት ናሙና

ተጓዦቹን ላስተዋውቅ። አንደኛ እኔ፤ የፍኖተ ሰላም ወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ፊደል በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ የማነብ። ሁለተኛ ልጄ ስመኝ፤ የሥነ ምድር ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ጽሑፏ የአንድ ሙቅ ምንጭ ናሙና ቀርቷታል። ሰኞ ላቦራቶሪ ካልደረሰ ምረቃዋ ለከርሞ ነው። ሦስተኛ ሾፌሩ ጌትነት። አራተኛ እማማ የዝና፤ በመመለሻችን ከቡሬ ገበያ የተሳፈሩ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም።
መናኸሪያው ጭቃ ነው። እስከ ቡሬ በሰው አምስት ብር። ጌትነት የልጄን ቴርሞሜትር አይቶ፣ «ጋሼ፣ መሬቱ ታሟል እንዴ?» አለኝ።
«ትኩሳቱን ልንለካ ነው» አልኩት። በማያውቁት ነገር መሳቅ ነውር መሆኑንም ነገርኩት። እስከ ማንኩሳ ሳቀ።

3 ሰዓት፣ ከቡሬ በታች።
በበቆሎ ማሳ መሐል ግማሽ ሰዓት በእግር ወረድን። ውሃው ከጥቁር ዐለት ስንጥቅ ይወጣል። የጠበሉ ጠባቂ አባ ይባቤ የወረዳውን ደብዳቤ ተቀብለው ማኅተሙን ለረጅም ጊዜ መረመሩና «ጫማ አውልቁ» አሉን።

እኔ ለወፍጮ ደንበኞቼ «ውሃው ይፈላል፤ እንፋሎቱ አንድ ቀን ወፍጮዬን ያዞራል» ብዬ ነበር። ቴርሞሜትሩ አርባ አንድ አለ።
«ይኼማ የእግር መታጠቢያ ነው» አልኩ አፍሬ።
«አባባ፣ ላይ ላዩን አይዩ» አለች ስመኝ። «ዝናቡ በስንጥቁ ይሰርጋል፤ ታች ካለው የጋለ ዐለት ይሞቃል፤ ሲወጣ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል። ግን ታች በጋለ ቁጥር ከዐለቱ ብዙ ማዕድን ያሟሟል፤ ያንን ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ላቦራቶሪው ማዕድኑን ለክቶ የታችኛውን ሙቀት ያሰላል።»
«ክዳኑስ?» አልኳት። ውሃ የማያሳልፍ ዐለት ከላይ ካልከደነው ሙቀቱ አምልጦ እንደሚያልቅ አንብቤያለሁ።
«እሱን ገና አላገኘነውም።»
ሁለት ጠርሙስ ሞላች። አንዱ ንጹሕ ነው። በሁለተኛው፣ ማዕድኑ እንዳይዘቅጥ፣ አሲድ ጠብ አድርጋ ቀይ ፕላስተር ለጠፈችበት።

7 ሰዓት፣ ወደ ማንኩሳ።
ስመኝን እንቅልፍ ወሰዳት። ጠርሙሶቹን እኔ ታቅፌያለሁ።
«ጌታው፣ ከአባ ይባቤ ጠበል ነው?» አሉኝ እማማ የዝና።
መዋሸት አልችልም። «አዎ፣ ከዚያው ነው።»
«እንግዲያ ለዚች ወገቤ ጠብ ያድርጉልኝ።»
ጠበል ይከለከላል? አንድ ጉንጭ ሰጠኋቸው። ኋላ ያለው እጁን ዘረጋ፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ። ከእማማ ጋር አሥራ አንድ ሰው ጠጣ። እውነቱን ልናገር፤ ከጽድቁ ይልቅ ምርቃቱ ጣመኝ።
«ያንንም ባለ ቀዩን!» አሉ እማማ።
«ይኼ አሲድ አለበት፤ ይገድላል።»
«ወይ ጉድ! ጠበሉን መርዝ አደረጋችሁት?»
በጩኸቱ ስመኝ ነቃች። ባዶውን ጠርሙስ አየች። አልተቆጣችም፤ ያ ባሰ።
«አባባ፣ ባለ አሲዱ ብቻውን አይበቃም። የጠጡት እኮ ዲግሪዬን ነው።»
እማማ የዝና ጌትነትን ትከሻውን መቱት። «መልስ! የልጅ ትምህርት በሆዴ ይዤ ቤቴ አልገባም።»
«ነዳጁን ማን ይችላል?»
«የጠጣ ሁሉ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሦስት ሦስት ብር ተባለ።

ከማንኩሳ ተመለስን። እኔና ስመኝ ወደ ምንጩ ስንወርድ እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ተከተሉን። ስመኝ የሞላችውን አዲስ ጠርሙስ በነጠላቸው ጠቅልለው ያዙት፤ መኪናው ውስጥም ለማንም አላስነኩም። አንድ አዲስ ተሳፋሪ «ጠበል ነው?» ቢላቸው «ፈተና ነው!» ብለው አፉን አስያዙት።

ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም።
ናሙናው ደኅና ገባ። ወጪው፦ የእኔና የልጄ ደርሶ መልስ ሃያ ብር፤ ለመመለሻው ከጠጡት ከአሥራ አንዱና ከእኔ ሠላሳ ስድስት ብር። እማማ የዝና ድርሻቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ከፈሉ። ጥፋተኛው እኔ ከጠጡት እኩል ሦስት ብር ብቻ ከፈልኩ፤ ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር። የሁላችን ድምር ሃምሳ ስድስት ብር።