አርባዋ እስኪወጣ

ጉንደ ወይን ላይ ሥራነሽን በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ሲስተር» ነበር የሚላት። አዋላጅ ነርስ ናት። ብዙ ዓመት ጤና ጣቢያ ከሠራች በኋላ ከአስፋልቱ ዳር ሁለት ክፍል ተከራይታ የራሷን ክሊኒክ ከፈተች። ገበያ የዋሉ እርጉዞች አህያቸውን ደጇ ላይ አስረው ይገቡ ነበር።

ባለፈው ክረምት ታረቀኝ የሚባል ገበሬ ምጥ የጠናባትን ሚስቱን የኔአለምን በቃሬዛ አምጥቶ አስገባት። ሥራነሽ ገና ስትዳስሳት ከአቅሟ በላይ እንደሆነ ገባት። ግን ያን ሰሞን የደብረ ማርቆስ መንገድ ተዘግቷል፤ አምቡላንስም የለም። የምትችለውን አደረገች። ሕፃኗ በሕይወት ተወለደች፤ የእናቲቱ ደም ግን አልቆም አለ። የኔአለም በሥራነሽ እጅ ላይ ሞተች።

ታረቀኝን በሐዘኑ መሐል ሰዎች ክሰስ አሉት፤ ከሰሰ። ከዞኑ ጤና መምሪያ አጣሪዎች መጥተው ክሊኒኩን አሸጉ። ብዙም ሳይቆይ የሙያ ፈቃዷ መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳት። ቅር ካላት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላለች።

ደብረ ማርቆስ የሚያስተምረው ወንድሟ እንዳላማው መንገዱ እንደተከፈተ መጣ።

«ዛሬውኑ ጻፊ» አላት። «መንገድ ተዘግቶ ነበር በይ። እውነት ነው።»

«የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ እኔ የለሁበትም ብዬ ልጻፍ? አርባዋ ይውጣ።»

«ሕጉ አርባ አያውቅም፣ እህት ዓለም።»

ደብዳቤውን አጥፋ አስቀመጠችው። ተቆጥቶ ሄደ።

የአርባው ዕለት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ጸሎቱን ሰማች፤ ዝክሩ ላይ ሳትቀመጥ ተመለሰች። በማግስቱ ይግባኟን ይዛ ደብረ ማርቆስ ሄደች፤ ቁጣው ከበረደለት ወንድሟ ጋር መምሪያው ቢሮ ገባች። የተቀበላት ወጣት ቀኑን ደጋግሞ አየ።

«ጊዜው አልፏል፣ እህቴ። በቂ ምክንያት ካለ ግን ኃላፊዎቹ ያዩታል። ታመው ነበር?»

እንዳላማው በክርኑ ነካ አደረጋት።

«አልታመምሁም» አለች። «የሟቿን አርባ እየጠበቅሁ ነበር።»

ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንዲህ ብዬ ብጽፈው አይቀበሉትም።»

«ጻፈው።»

አልተቀበሉትም።

ዕቃዋን በምትሸክፍበት ሰሞን ታረቀኝ ልጁን አቅፎ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ብዙ አመነታ።

«ሲስተር፣ ያኔ ራሴን አላውቅም ነበር። ይግባኝ ይበሉ፤ መጥቼ እመሰክርልዎታለሁ።»

«ጊዜው አልፏል።»

«ምነው ሳይሉ ቀሩ?»

ሥራነሽ ልጂቱን ተቀበለችው፤ አንገቷን ደገፍ አድርጋ ፊቷን አየችው።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለች።

ክሊኒኩ ታሽጎ እንደከረመ እሱም ያውቃል። ዳግመኛ አልጠየቃትም።

አሁን ደብረ ማርቆስ ወንድሟ ጋ ናት፤ ደብተርና እስክሪብቶ ትሸጣለች። በቀደም ጎረቤቷን ምጥ ሲይዛት ሮጠው ጠሯት። ባጃጅ አስቆማ፣ ሴትዮዋን ደግፋ አሳፍራ፣ ሆስፒታሉ በር ድረስ አብራት ሄደች። «አትገቢም?» ሲሏት ራሷን ወዘወዘች። በእግሯ ወደ ሱቋ ተመለሰች።