ሰማያዊው የዓሣ ውሃ ማጥሪያ

የባለቤቴ አባት ለእግራቸው ሕክምና ከወሎ መጥተው እኛ ዘንድ ሲቀመጡ ቀኑ አልገፋ አላቸው። ቤታችን ከሸማ ተራ ጀርባ ነው፤ ደጁ ሁልጊዜ በተሸካሚና በጋሪ ስለሚጨናነቅ በዚያ እግራቸው ወጥተው መናፈስ አይሆንላቸውም። ባለቤቴ ይህን አይቶ አንድ ቀን የዓሣ ገንዳ ይዞላቸው መጣ። ከዚያ ወዲያ አማቴ ጎሕ ሲቀድ ሱብሒ ሰግደው ሲጨርሱ ወንበራቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው፣ ዓሣዎቹን እንደ ልጅ ልጅ እያጫወቱ ይውሉ ጀመር።

እንክብካቤው ግን የእኔ ሥራ ሆነ። ክረምት ገብቶ የቧንቧው ውሃ አንድ ቀን ደፍርሶ፣ አንድ ቀን ደግሞ በረኪና በረኪና እየሸተተ ሲመጣ ዓሣዎቹ ይሞቱ ጀመር። ሲኒማ ራስ አካባቢ ካለ የዓሣ ዕቃ ሻጭ ያልገዛሁት ነገር የለም። መጀመሪያ ስፖንጅና ከሰል ያለው፣ በሞተር የሚሠራ ማጣሪያ ሸጠልኝ። ቀጥሎ አየር የሚነፋ ቱቦ። በመጨረሻ የዓሣ ሥዕልና የቻይና ጽሑፍ የተለጠፈበት ጠርሙስ አወጣልኝ፤ ውስጡ ሰማያዊ ፈሳሽ ነው።

«ይቺን ጠብ ስታደርጊበት ውሃው ኩልል ነው የሚልልሽ» አለኝ።

ማጣሪያው እንደሚሠራ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስፖንጁን ስጨምቀው ጭቃ ይወጣዋል። ሰማያዊውን ግን ተጠራጠርኩት። በሁለት ባልዲ ውሃ ቀዳሁና ባንዱ ጨምሬ ሌላውን ተውኩት። በማግስቱ ሁለቱም እኩል ድፍርስ ናቸው። ገንዳው ውስጥ በጨመርኩ ጊዜ ደግሞ አንዲት ቀይ ዓሣ ሞታ አደረች። ከመድኃኒቱ ይሁን ከውሃው ማን ያውቃል? ለሻጩ እመልስለታለሁ ብዬ ጠርሙሱን ከገንዳው ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ባለቤቴ ለዕቃ ወደ ሞያሌ በወረደበት ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ልብስ አስጥቼ ስገባ አማቴ ፈገግ ብለው ጠሩኝ።

«ነይማ ልጄ፣ ይህን ውሃ እዪልኝ።»

የመጠጥ ውሃ የምናስቀምጥባት ትንሿ ጀሪካን ተከፍታለች። በብርጭቋቸው የቀረው ውሃ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው።

«አባባ፣ ምን ጨመሩበት?»

«ያንን የዓሣውን ማጥሪያ ነዋ! ውሃው ደፍርሶብኝ ጠብ አደረግሁበት። ኪኒኔንም በሱ ዋጥኩ።»

«ጠጡት?»

«ዓሣውን ያልገደለ እኔን ምን ያደርገኛል?»

የቀይዋን ዓሣ ሞት አያውቁም። እንዳያዝኑ ብዬ ከእንቅልፋቸው ሳይነሡ አውጥቼ ጥያታለሁ። ብርጭቆውን አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም። አለመሽተቱ ይበልጥ አስፈራኝ። ፊቴን ሲያዩ የሳቸውም ፈገግታ ጠፋ፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ።

«ቆረጠኝ መሰል» አሉ ቀስ ብለው።

እንዴት ታክሲ እንዳገኘሁ፣ እንዴት ደግፌ እንዳስገባኋቸው ዛሬም በደንብ አላስታውስም። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ያለው ጤና ጣቢያ ስንደርስ የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ይዤው የመጣሁትን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አድርጋ አገላበጠችው።

«ምን አለበት ይሄ ነገር?»

«አላውቅም። የዓሣ ውሃ የሚያጠራ ነው ተብሎ ነው።»

«ላስመልሳቸው አልችልም፤ የሚያቃጥል ነገር ከሆነ ሲመለስ ይብሳል። እኔ እከታተላቸዋለሁ። አንቺ የሸጠልሽን ሰው አግኚውና ምን እንደሆነ ጠይቂልኝ። ቶሎ በይ።»

አማቴ አልጋው ላይ ሆነው እጄን ያዙኝ። «ለልጄ እንዳትደውዪበት፣ መንገድ ላይ ነው» አሉኝ። እጃቸው ይቀዘቅዛል። ትቻቸው ወጣሁ።

ዝናቡ ያካፋል። መንገዱ በጭነት መኪና ተዘግቶ ስለነበር በእግሬ ሮጥኩ፤ ጭቃው ጫማዬን ቢነጥቀኝ ባንድ እግሬ ተመልሼ አወጣሁት። ተሸካሚዎቹ «ዞር በይ! ዞር በይ!» ይሉኛል። በየእርምጃው ልቤ ሁለት ነገር ይለኝ ነበር። ቀይዋን ዓሣ ሳስብ መርዝ ነው ይለኛል። ሁለቱን ባልዲዎች ሳስብ ደግሞ ምንም አይደለም ይለኛል። የገዛሁት ዕቃ የውሸት ይሁንልኝ ብዬ አላህን የለመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሻጩ አርባውን ያለፈ ቀጭን ሰውዬ ነው። ሱቁ ውስጥ ብቻውን መስታወት ይወለውላል።

«ያ የሸጥክልኝ ሰማያዊ ፈሳሽ ከምንድን ነው የተሠራው?» አልኩት ትንፋሼን ሳልሰበስብ።

«ኦሪጅናል ነው እህቴ፣ ከዱባይ ነው የሚመጣ...»

«ሰው ጠጥቶታል።»

ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። «ማን?»

«የባለቤቴ አባት። ሽማግሌ ናቸው። ጤና ጣቢያ ትቻቸው ነው የመጣሁት። ሐኪሟ ምን እንዳለበት ማወቅ አለባት።»

ወደ ደጅ አየ፣ ከኋላዬ ሰው ይኖር እንደሆነ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውሃ ነው» አለኝ። «ውሃና ጨው። ቀለሙ የኬክ ቀለም ነው። ወላሂ ሌላ ነገር የለበትም።»

«ኦሪጅናል ነው ያልከኝም በዚሁ አፍህ ነው። አሁን ምን ብዬ ልመንህ?»

ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አወረደ፣ ክዳኑን ከፈተና እዚያው ፊቴ ተጎነጨልኝ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። ትንሽ ልቤ ረገብ ሊል ሲል አንድ ነገር መጣብኝ።

«ጠርሙሱንስ ከየት ነው የምታመጣው?»

የወደቀውን ጨርቅ ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

«ወንድሜ፣ ጠርሙሱን ከየት ነው የምታመጣው?»

«ከምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች። ባዶውን። አጥቤ ነው የምሞላው፣ ጽሑፉን ግን አሳትሜ ነው የምለጥፈው።»

«በፊት ምን የነበረበት ነው?»

«እንጃ» አለ። ያኔ እሱም እንደኔ መፍራቱን አየሁ። የያዘውን ጠርሙስ አሸተተው፤ አፉን በእጅጌው ደጋግሞ ጠረገ።

እጅጌውን ያዝኩት። «ና፣ ይህንኑ ለሐኪሟ ንገራት።»

«ፖሊስ ትጠሪብኛለሽ።»

«ሰውየው ከሞቱ አዎ። አሁን ግን ሐኪም ነው የምፈልገው።»

ሱቁን ዘግቶ ተከተለኝ። መንገድ ላይ አንዲት ቃል አልተነጋገርንም፤ እንዳያመልጠኝ እጅጌውን አልለቀቅኩም።

ስንደርስ አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አልቀዋል ብዬ ጮህኩ። ሐኪሟ ትከሻዬን ይዛ «ተኝተው ነው» አለችኝ። ሻጩ የነገረኝን ሁሉ አንድም ሳይደብቅ ነገራት። ጠርሙሱ በፊት ምን እንደነበረበት እንደማያውቅ ሲነግራት ድምፁ ተሰበረ። እሷም አልተቆጣችውም፣ አላጽናናችውምም። አማቴን ቀስቅሳ አፍና ጉሮሯቸውን በባትሪ አየች፤ ቁስል የለም። እስከ ማታ እንዲቆዩ አደረገች፣ «አንተም ጠጥተሃል፣ አትሂድ» ብላ እሱንም አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው።

የዚያን ከሰዓት ርዝመት በምን ልንገራችሁ? አማቴ ባሳሉ ቁጥር እነሣለሁ። ሻጩ ጎንበስ ብሎ ሆዱን እየዳሰሰ በሹክሹክታ ይጸልያል። ዐሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል አማቴ እንደገና ነቁና «ራበኝ» አሉ። ሐኪሟ ሳቀች። እኔ ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

ለባለቤቴ የነገርኩት ከሞያሌ ሲመለስ ነው። ሰምቶ ሲጨርስ ተነሥቶ አባቱ አጠገብ ቁጭ አለ፣ ሁለቱም ዓሣዎቹን ያዩ ጀመር። ሻጩ እነዚያን ጠርሙሶች ከመደርደሪያው ሲያወርዳቸው አንድ ቀን ባለቤቴ በዓይኑ አይቷል፤ ለዘለቄታው ይሁን ለጊዜው አላውቅም። እኔ አሁን የቧንቧውን ውሃ ክፍት ባልዲ ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ የበረኪናው ሽታ ይጠፋለታል። ስፖንጁንም በረኪናው እንዳይነካው የማጥበው ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ነው። ከዚያ ወዲህ የሞተ ዓሣ ጥቂት ነው። ሌሊት አማቴ ሲያስሉ ግን አሁንም ብድግ ብዬ በራቸው ላይ ቆሜ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ።