የባቡሩ ዋስ

በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ሥራ ለባቡር ተሳፋሪዎች የመጠበቂያ አዳራሽ ቦታ መምረጥ ነበር። ባቡር አልነበረም። ሐዲድም አልነበረም። ከቆቦ ከተማ ዳር ሐዲዱ ሊያርፍበት የተከመረ ረጅም አፈር ነበር፤ በላዩ ላይ ፍየሎች ይሄዱበታል።

እኔ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ አገሬ ጎጃም ነው። አውቶቡስን፣ ባቡርንና ባጃጅን በአንድ ግቢ የሚያገናኝ አዲስ መናኸሪያ እንዲታቀድ ኮሚቴ ሲቋቋም ካርታ የሚያነብ ሰው ተፈለገ። ርዕሰ መምህሬ ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ እንደሌለኝ አስታውሰው ላኩኝ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ደምሌ ጡረታ የተቃረቡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ የራያ ሰው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «መምህርት፣ ካርታ ታነቢያለሽ አሉኝ» አሉ።

«አነባለሁ።»

«ጥሩ። እንግዲያው ጸሐፊ ትሆኛለሽ።»

ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ካርታ ማንበብ ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅሁም። የመለኪያ ሜትር ሰጡኝ፤ እሱ ግን እጅግ ደስ አሰኘኝ።

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። መገናኛ መናኸሪያ ማለት ብዙ ተሽከርካሪ የሚቆምበት ቦታ ማለት አይደለም። ዋናው ነገር ተሳፋሪው ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ እስኪወጣ በእግሩ የሚሄደው መንገድ ነው። መንገዱ ባጠረ ቁጥር ዕቅዱ ጥሩ ነው። እግረኛውም ባዶ እጁን መታሰብ የለበትም። በቆቦ ገበያ ቀን ከጎብዬ የሚመጣ ሰው ጆንያ ተሸክሞ፣ በግ እየጎተተ፣ አንዳንዴም ሁለቱንም ይዞ ነው የሚወርደው። ይህን ሁሉ ለኮሚቴው በሥዕል አስረዳሁ። ኮሚቴው አጨበጨበና ወደ ባቡሩ ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት ከዞን ከመጣው መሐንዲስ ጋር ወደ አፈሩ ክምር ሄድን። እኔ የሜትሩን ጫፍ ይዤ ስሄድ የማሽላ አገዳ የሚከምሩ አንድ ገበሬ ቀና ብለው ተመለከቱኝ።

«ምን ትለኪያለሽ፣ ልጄ?»

«የባቡሩን መድረክ፣ አባባ። ባቡሩ የሚቆምበትን።»

«መጣ እንዴ?»

«ገና ነው።»

«ታዲያ ቁመቱን በምን አወቅሽው?»

መሐንዲሱ «መደበኛ ርዝመት አለው» ብሎ መለሰ። ገበሬው ራሳቸውን ነቀነቁና አገዳቸውን ከምንለካበት መስመር ላይ በትሕትና አነሡልን።

ከዚያ በኋላ የተቀመጥናቸው ስብሰባዎች በሙሉ የባቡሩ ነበሩ ማለት ይቻላል። የባቡሩ አዳራሽ ጣሪያ፣ የባቡሩ ትኬት መስኮት፣ የባቡሩ ሰፊ የኮብልስቶን ግቢ፣ ከከተማው በኩል የሚያስገባ የባቡሩ የራሱ በር። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ የምከራከርለት እኔ ነበርኩ። አንድ አባል አዳራሹ ጠበብ ይበል ቢል «ነገን እያሰብን ካልሠራን ነገ ይታዘበናል» አልኩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር በጣም ወድጃት ስለነበር በቃለ ጉባኤው ላይም አስገባኋት።

ባጃጆች «በቀጣይ ምዕራፍ» ተብለው ታለፉ። እስከዚያው ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከከብት ገበያው ጀርባ እንዲቆሙ ተወሰነ። በዕቅድ ቋንቋ «ቀጣይ ምዕራፍ» ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ አሁን አውቃለሁ። «አይሆንም» ማለት ነው፤ ልዩነቱ ማንም አለመቀየሙ ነው።

የተቀየመ ግን ነበረ። የባጃጅ ነጂዎቹ ተወካይ ሰይድ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። በእድሜ እኩያዬ ነው፤ ሲቆጣ ይስቃል።

«ቲቸር፣ አንቺ ነሽ አሉ ካርታውን የሣልሽው።»

«ኮሚቴው ነው። ምን ላግዝህ?»

«እኔ የት ነው ያለሁት?»

በካርታው ላይ ከአስፋልቱ ማዶ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ፈለገ።

«ይሄ ነጥቡ ነው?»

«እሱ የከብት ገበያው ነው። አንተ ከኋላው ነህ።»

«ማሻአላህ!» አለ። «ባቡሩስ?»

ባቡሩን ለማሳየት ጣት አያስፈልግም ነበር፤ የወረቀቱን ግማሽ ይዟል። ሰይድ ሳቁን አቆመ። «ስሚኝ እህቴ፣ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ጆንያ ተሸክሞ አስፋልት ተሻግሮ እኔን ፍለጋ አይመጣም። ያገኘው ላይ ይወጣል፤ ካጣም በእግሩ ይሄዳል። ይሄ ነገር ከጸደቀ ባጃጄን ሸጬ ፍየል ነው የምገዛው። ፍየል እንኳ በባቡሩ መንገድ ላይ ቦታ አላት።»

ለኮሚቴው አቀርብልሃለሁ አልኩት፤ አቀረብኩም። «በቀጣይ ምዕራፍ ይታያል» ተብሎ ተመዘገበ። የመዘገብኩት እኔ ነኝ።

ግንባታው አልቆ አውቶቡሶችና ሚኒባሶች ወደ አዲሱ መናኸሪያ የገቡ ዕለት እኔ ከሰብሳቢው ጋር በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከወልዲያ የመጣው የመጀመሪያው አውቶቡስ ጥሩንባውን እየነፋ ገባ። ባዶውን ነበር፤ ሹፌሩና ረዳቱ ብቻ። ከአላማጣ በዋጃ በኩል የመጣው ሚኒባስም ባዶ። ቀጥሎ የመጣውም።

«ሰው የት ሄደ?» አሉ አቶ ደምሌ።

የአውቶቡሱ ረዳት በመስኮት ብቅ አለ። «ወራጅ አለ ብለው አስፋልቱ ላይ ወረዱ፣ አባቴ። ባጃጁ እዚያ ነዋ!»

ነገሩ ቀላል ነበር። ባጃጆቹ ከከብት ገበያው ጀርባ በመሄድ ፈንታ አስፋልቱ ዳር ቆመው ነበር። ተሳፋሪው ከመናኸሪያው ወጥቶ ባጃጅ ፍለጋ ከመሻገር ይልቅ ከመግባቱ በፊት ባጃጁ አጠገብ መውረድን መረጠ። ስለዚህ መገናኛው መናኸሪያ የሚያገናኘው ባዶ መቀመጫን ከባዶ አዳራሽ ጋር ሆነ። አስፋልቱ ላይ ግን ጭነት የያዘ አይሱዙ በሚበርበት መንገድ ሰው፣ በግና ጆንያ ተደባልቆ ይወርዳል።

ትራፊክ ፖሊሶች የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ባጃጅ በዋናው መንገድ ዳር እንዳይቆም ከለከሉ። እውነት ነበራቸው፤ አደጋ ሊደርስ ይችል ነበር። ነጂዎቹ ከከብት ገበያው ጀርባ ሄዱ፤ ተሳፋሪው አልሄደም። በማግሥቱ በዚያ ሳልፍ ሰይድን በባጃጁ የኋላ መቀመጫ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት።

«ሥራ እንዴት ነው?» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ፣ እረፍት ነው። በሬዎቹ መጥተው ዋጋ ጠየቁኝ፤ በእግራችን ይሻለናል ብለው ሄዱ።»

በሳምንቱ ሰብሳቢው ስብሰባ ጠሩ፤ ነጂዎቹም ከተወካያቸው ጋር መጡ። የሰይድ ጥያቄ አንድ ነበር፤ የባቡሩ ግቢ ይሰጠን። ባዶ ነው፣ የራሱ በር አለው፣ አውቶቡሱ ከሚያወርድበት ጥቂት እርምጃ ነው።

መሐንዲሱ ካርታውን ዘረጋ። «ግቢው የባቡሩ ነው። በዕቅድ የጸደቀ ቦታ ለሌላ አይሰጥም።»

«ስጡን አላልንም» አለ ሰይድ። «ባለቤቱ አገር ለቆ የለ? የሄደ ሰው መሬት ጦም ያድራል እንዴ? እኛ እንረስለት፤ ሲመጣ እንለቅለታለን።»

ለማላገጥ ነበር የተናገረው፤ ነጂዎቹም ሳቁ። አቶ ደምሌ ግን አልሳቁም። በኋላ እንደሰማሁት የእሳቸው ወንድም ሳውዲ ከሄደ ቆይቷል፤ መሬቱን የሚያርሱት እሳቸው ናቸው። በዚህ ቆላ ሰው አገር ሲለቅ መሬቱን ዘመድ ወይም ጎረቤት ያርስለታል፤ ከምርቱም እኩሉን ለባለቤቱ ይሰጣል፤ በተመለሰ ቀን ያለ ክርክር ይለቅለታል። አራሹ ግን መሬቱን ከመያዙ በፊት ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ዋስ ይጠራል። አልለቅም ቢል የሚጠየቀው ዋሱ ነው።

«እኩሉን ምን ትሰጠዋለህ?» አሉ አቶ ደምሌ።

ሰይድ ግራ ተጋባ። «ለማን?»

«ለባቡሩ ነዋ! የሰው መሬት በነጻ ይታረሳል?»

ትንሽ አሰበ። «ግቢውን እንጠርጋለን። አዳራሹ ውስጥ ያደሩትን ፍየሎች እናወጣለን። የተሰበረ መስኮት እንጠግናለን።»

«መልካም። ዋስ ጥራ።»

ሰይድ ዙሪያውን አየ። ነጂዎቹን አለፈ፣ መሐንዲሱን አለፈ፣ እኔ ላይ ቆመ። «ቲቸርን እጠራለሁ።»

«እኔን ለምን?»

«ለባቡሩ ከአንቺ በላይ የተቆረቆረ የለም። አንቺን ያምንሻል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያልቅ አቶ ደምሌ «ትቀበያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ፤ የምር ነበር። መሐንዲሱ ይህ አሠራር በየትኛው መመሪያ እንዳለ ጠየቀ። አቶ ደምሌም «በመሬቱ» ብለው መለሱለት። እኔ ተቀበልኩ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ጊዜያዊ የጋራ አጠቃቀም» ብዬ ጻፍኩት፤ እንደዚያ ካልተባለ የሚፈርም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መናኸሪያው እውነትም መገናኛ ሆነ። አውቶቡሱ ሰው ይዞ ይገባል፤ ሰው ወርዶ፣ ጆንያውን ጫኝና አውራጁ አንሥቶለት፣ በባቡሩ አዳራሽ ጥላ ሥር አልፎ ባጃጅ ላይ ይወጣል። ነጂዎቹ ቃላቸውን ጠበቁ። አዳራሹ ከመናኸሪያው ሁሉ ንጹሕ ቤት ነው፤ ከዞን እንግዳ ሲመጣ የሚጎበኘው እሱ ነው። «ባቡሩ ባይኖርም ዝግጅታችሁ ያስደንቃል» ተብለናል።

ከዋስትናው በኋላ በእኔ ላይ የደረሰውን ግን አልጠበቅሁትም። አንድ ረፋድ ቀያሾች ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ይዘው አፈሩ ክምር ላይ ወጡ። ባጃጆቹ ሞተር አጠፉ። ማንም አልተሳፈረም፣ ማንም አልጫነም፤ ሁሉም ወደዚያ ያያል። እኔም ሲነገረኝ ከክፍል ወጥቼ እየሮጥኩ ደረስኩ።

«ቲቸር» አለ ሰይድ፤ ዐይኑን ከቀያሾቹ ላይ ሳያነሣ። «ባለቤቱ መጣ መሰለኝ። ቃሌ ቃል ነው፤ እለቃለሁ። ግን የት?»

ለባቡሩ ስከራከር የኖርኩት እኔ ባቡሩ ትንሽ ቢዘገይ ብዬ ስመኝ ራሴን አገኘሁት።

ቀያሾቹ ለኩ፣ ጻፉ፣ መሣሪያቸውን አጣጠፉ። ከዚያ ወርደው ወደ አዳራሹ መጡና ወደ ከተማ የሚያደርሳቸው ባጃጅ ጠየቁ። ሰይድ ጫናቸው።

በማግሥቱ ለኮሚቴው አዲስ ሥዕል አቀረብኩ፤ ባቡሩ ሲመጣም ባጃጆቹ ከግቢው የማይወጡበትን። የባቡሩን አዳራሽ አጠበብኩት። እስካሁን አልጸደቀም፤ በየስብሰባው አነሣዋለሁ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ብቻ ነው። ካርታ ላይ መጀመሪያ ዛሬ ያለውን ሰው አስቀምጡ፤ ነገ ለሚመጣው የቀረው ቦታ ይበቃዋል።